እማዬን ካይሮ ለመውሰድ ሦስት ወር ስዘጋጅ

የ2017ን ገና ከእናቴ ጋር ካይሮ አከበርን። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እማዬ አዲስ አበባ ናት። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ደም ግፊት አለባት፣ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አትሰማም። እመቤታችን ልጇን አዝላ የተሰደደችበትን አገር ማየት የልጅነት ምኞቷ ነበር። ስለዚህ እኔ ከዚህ፣ እሷ ከዚያ ተነስተን ካይሮ ላይ ልንገናኝ ተስማማን።

ጉዞው አሥራ አንድ ቀን ነበር። ዝግጅቱ ግን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወሰደ። የምጽፈው ስለዚያ ሦስት ወር ነው። አባታችሁን ወይም እናታችሁን ይዛችሁ ግብፅ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኔ ሌሊት እየተነሳሁ የተጨነቅሁበትን እናንተ በጊዜ እንድትጨርሱት ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት ነገሩን ሁሉ በራሴ ፓስፖርት ማሰቤ ነው። በአሜሪካ ፓስፖርት ካይሮ ኤርፖርት ደርሶ ቪዛ መግዛት ይቻላል። ፓስፖርት ከሚመታበት በፊት የባንክ መስኮቶች አሉ። እኔ 25 ዶላር በጥሬው ከፍዬ ስቲከር ተቀበልኩ፣ አለቀ። ይህን አስቀድሜ ስላነበብኩ ለእማዬም "ቪዛው ቀላል ነው፣ አታስቢ" ብያት ነበር። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን እንደዚያ አይደለም። እሷ ከመነሳቷ በፊት አዲስ አበባ ካለው የግብፅ ኤምባሲ ቪዛ ማውጣት ነበረባት። ታናሽ ወንድሜ ሄዶ ሲጠይቅ ፎቶ፣ የባንክ መግለጫ፣ የሆቴል ቦታ ማስያዣና የደርሶ መልስ በረራ ማስያዣ አምጡ አሉት። ከሁሉ በፊት ግን ፓስፖርቷ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው መሆን አለበት። የእሷ አምስት ወር ነበር የቀረው።

እዚህ ላይ አንድ ወር ከእጃችን ወጣ። ፓስፖርት እስኪታደስ ጠበቅን። ከዚያ ቪዛ ገባ። ከዚያ ደግሞ እሱን ጠበቅን። ኅዳር መጨረሻ ላይ ወጣ። በቤታችሁ ሁለት ዓይነት ፓስፖርት ካለ ጉዞውን መቁጠር የምትጀምሩት ብዙ ወረፋ ካለበት ፓስፖርት ነው። የእናንተን ሳይሆን የእናታችሁን ፓስፖርት አውጡና ማብቂያ ቀኑን ዛሬ እዩት። ኤምባሲው የሚጠይቀው ወረቀት ስለሚለዋወጥ አንድ ሰው በአካል ሄዶ ይጠይቅ። ሆቴሉንም ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻል አድርጋችሁ ያዙ። ቪዛው ሳይወጣ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት አትቁረጡ።

ቲኬቷን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የእናቴን ስም ፓስፖርቷን ሳላይ ጻፍኩት። የአያቷ ስም ፓስፖርቷ ላይ አንድ ፊደል ተደርቦበታል። እኔ አንዱን አስቀረሁ። ለማስተካከል ተጨማሪ ከፈልኩ፣ ሁለት ቀንም ስልክ ላይ ቆየሁ። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ሰው ብቻውን ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሊኖረው ይችላል። ልደት ካርዱ ሌላ፣ መታወቂያው ሌላ፣ ፓስፖርቱ ሌላ። ለጉዞ የሚቆጠረው የፓስፖርቱ ብቻ ነው። የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ በቴሌግራም አስልካችሁ፣ ፊደል በፊደል እያያችሁ ገልብጡት።

አሁን ወደ ቢጫ ካርዱ ልምጣ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት፤ ስለዚህ ግብፅ ከኢትዮጵያ ከሚመጣ መንገደኛ የክትባቱን ካርድ ትጠይቃለች። ከአሜሪካ በቀጥታ የሚመጣ አይጠየቅም። አዲስ አበባ ቤተሰብ ጠይቆ ወደ ካይሮ የሚያልፍ ዳያስፖራ ግን ሊጠየቅ ይችላል። ክትባቱ የሚሠራው ከተወጉ ከአሥር ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻ ሳምንት የሚተው ጉዳይ አይደለም።

እማዬ ካርድ ነበራት። በ2006 ዓ.ም. ለዘመድ ሠርግ ካምፓላ ስትሄድ የተወጋችው ነው። ችግሩ ካርዱ ላይ የተጻፈው የአሥር ዓመት ጊዜ አልፎ ነበር። ወንድሜ "በቃ እንደገና ትወጋ" አለ። እኔ ግን ዕድሜዋ አስፈራኝ። ሐኪም ስጠይቅ ፍርሃቴ ትክክል ነበር። ይህ ክትባት ሕያው ሆኖ የተዳከመ ቫይረስ ያለበት ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጋ ከባድ ጉዳት የሚደርስበት ዕድል ትንሽም ቢሆን ከወጣቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ አረጋዊ ሰው ዝም ብሎ ሄዶ አይወጋም። ሐኪም ያለበትን በሽታና የሚወስደውን መድኃኒት አይቶ ይወስናል። መወጋት የሌለበት ከሆነም ይህንኑ የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ይጻፍለታል።

ለእማዬ ሁለቱም አላስፈለጋትም። የዓለም ጤና ድርጅት ከጁላይ 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደንቡን ለውጧል። አንድ ጊዜ የተወጋ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ከዚያ በፊት የተሰጡ ካርዶችም ጭምር። እኔ ይህ ደንብ ያለበትን ገጽ በእንግሊዝኛ አትሜ ላክሁላትና ከካርዱ ጋር በስቴፕለር አያያዝነው። ቦሌ ላይ ትኬት የምታየው ልጅ "ይሄማ ጊዜው አልፏል" አለቻት። እማዬ ወረቀቱን አወጣች። ልጅቷ አነበበች፣ ሌላ ሰው ጠርታ አሳየች፣ አሳለፈቻት። ያ አንድ ገጽ ባይኖር ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ከቢጫ ካርዱ በላይ ያስደነገጠኝ ግን መድኃኒቱ ነው። ሻንጣ ስታዘጋጅ በኢሞ እያየኋት ነበር። "መድኃኒቶችሽን አንድ በአንድ አሳዪኝ" አልኳት። የግፊቷ አለ። የጨጓራዋ አለ። ከዚያ ለጉልበቷ የተሰጣትን አነሳች። ትራማዶል፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ። እሷ እንደ ፓራሲታሞል ነበር የምታየው። በግብፅ ትራማዶል እንደ አደንዛዥ ዕፅ ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት ነው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) አንዲት እንግሊዛዊት ቱሪስት 290 የትራማዶል እንክብል ይዛ ገብታ ሦስት ዓመት ተፈርዶባታል። የያዝኩት ሕመም ለሚያሠቃየው ሰው ነው ብላ ነበር።

እናቴን በዓይነ ህሊናዬ በዚያች ሴት ቦታ አየኋት። እጄ ተንቀጠቀጠ። በማግስቱ ወንድሜ ሐኪሟ ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሙ ለጉዞው ሌላ ማስታገሻ አዘዘላት፣ የጉልበት መደገፊያም ጨመረላት። ትራማዶሉ ቤት ቀረ። የቀሩት መድኃኒቶች ከነካርቶናቸው፣ ስማቸውና መጠናቸው በእንግሊዝኛ ከተጻፈበት የሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ቦርሳዋ ገቡ። እንክብል ከካርቶኑ አውጥቶ በፌስታል መቋጠር የእናቶቻችን ልማድ ነው። እባካችሁ ይህን አታስደርጓቸው። ሻንጣ ከመዘጋቱ በፊትም እያንዳንዱን መድኃኒት በዓይናችሁ እዩ። ጎረቤት "ይሄን ለእገሌ አድርሺልኝ" ብላ የምትሰጠው እሽግ ካለ ደግሞ ይቅር። መቀየም ይበርዳል።

ብቻዋን መብረሯን በተመለከተ ሁለት ነገር አደረግን። አንደኛው ዊልቼር ነው። ቲኬቱ ላይ አስቀድሞ ሲጠየቅ አየር መንገዱ ያለ ክፍያ ያዘጋጃል። እማዬ መጀመሪያ "እኔ ሽባ ነኝ እንዴ?" ብላ ተቆጣች። ዊልቼሩ ለእግር ብቻ እንዳልሆነ አስረዳኋት። የሚገፋው ሰው ወረፋውን ያውቃል፣ ቋንቋውን ይናገራል፣ መንገዱን አይስትም። ከአውሮፕላኑ በር እስከ እኔ ድረስ አደረሳት። ካይሮ ኤርፖርት ከአንድ በላይ ተርሚናል አለው፣ በመካከላቸውም ርቀት አለ። ተቀባዩ የተርሚናሉን ቁጥር ቀድሞ ይጠይቅ።

ሁለተኛው አንድ ወረቀት ነው። በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በአረብኛ ጻፍነው። ስሟ፣ የፓስፖርት ቁጥሯ፣ የበረራ ቁጥሯ፣ የሆቴሉ ስምና አድራሻ፣ የእኔ ስልክ፣ የምትመለስበት ቀን፣ ያለባት ሕመም። አረብኛውን ያስተካከለልኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ካይሮ ሲደርሱ የሚሞላ የመግቢያ ካርድ ነበር። ዊልቼሩን የሚገፋው ሰው ወረቀቷን አይቶ ገልብጦ ሞላላት። አንዱን ቅጂ ቦርሳዋ፣ አንዱን የቀሚሷ ኪስ ውስጥ አደረግን። እስክንመለስ ድረስ ከእሷ አልተለየም።

ሰዓቱን ልብ በሉ። እኛ ከንጋት የምንቆጥረው ሰዓት ከወላጆቻችን ጋር ስንጓዝ ብዙ ያደናግራል። ሹፌሩ "ስምንት ሰዓት እመጣለሁ" ሲል ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ቲኬት ላይ ያለውንም ሰዓት ለእማዬ በእኛ አቆጣጠር በትልቁ ጽፌላታለሁ። በክረምታቸው ካይሮ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ወደኋላ ናት፤ በበጋቸው ሰዓታቸውን ስለሚያስቀድሙ እኩል ይሆናል። የግፊቷን መድኃኒት በሰዓቱ እንድትወስድ የእጅ ሰዓቷን ሳንቀይር በኢትዮጵያ ሰዓት ተውነው። ከዚህ የከፋው ግን ቀኑ ነው። የእሷ በረራ ከአዲስ አበባ ማታ ተነስቶ አራት ሰዓት ያህል በርሮ ካይሮ የሚደርሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። ሆቴሉን በደረሰችበት ቀን ብትይዙ ክፍሉ የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ነው። እናታችሁ እስከዚያ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ስለዚህ ያለፈውን ሌሊት ጨምራችሁ ያዙ። የአንድ ሌሊት ክፍያ ቢጨምርም ዋጋ አለው።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። ያልጠበቅሁት ነገር በብዙ የጥንት ቦታዎች መግቢያ የሚከፈለው በካርድ ብቻ መሆኑ ነው። ፒራሚዶቹ ጋ ጥሬ ገንዘብ ይዘው የመጡ ሰዎች ካርድ ያለው ሰው ሲለምኑ አይቻለሁ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው ወደ ውጭ የሚሠራ ካርድ ከባንኩ አስቀድሞ ያውጣ። በሌላው ቦታ ሁሉ ግን ትንንሽ የግብፅ ፓውንድ ያስፈልጋችኋል። ሻንጣ ለሚያነሳው፣ መጸዳጃ ቤት ለሚጠብቀው፣ በር ለሚከፍተው ሁሉ ይሰጣል። ዝርዝርን "ፈካ" ይሉታል። ባንክ ስትመነዝሩ ትልቁን ብቻ አትቀበሉ፣ ፈካ ጠይቁ። እኛ በሄድንበት ጊዜ አንድ ዶላር 50 ፓውንድ ገደማ ነበር።

ቁጥራቸውን ደግሞ ቤት ሆናችሁ አጥኑ። የዋጋ ወረቀትና የመኪና ታርጋ ላይ የምታዩት እኛ የምናውቀውን ቁጥር አይመስልም። አምስታቸው እንደ እኛ ዜሮ ክብ ነው። ዜሯቸው ነጥብ ናት። ስድስታቸው ሰባት ይመስላል። ይህን የማያውቅ ሰው ሃምሳውን ዜሮና ነጥብ ብሎ ያነባል። አሥሩን ቁጥር ለማጥናት አንድ ምሽት በቂ ነው። ከመተግበሪያ መኪና ስትጠሩ ታርጋውን ማመሳከር የምትችሉትም ያኔ ነው። በካይሮ ኡበር በደንብ ይሠራል፤ ዋጋ መከራከር ለማይወድ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ሲም ካርድ ኤርፖርቱ ውስጥ ይሸጣል።

ልብስ ላይ እማዬ ልክ ነበረች፣ እኔ ተሳስቻለሁ። በረሃ ስለሆነ ይሞቃል ብዬ ነበር። እሷ ግን "በታኅሣሥ የማይበርድ አገር የለም" ብላ ጋቢዋን ጠቅልላ መጣች። በጥር የካይሮ ሌሊት ወደ አሥር ዲግሪ ይወርዳል። አብዛኛው ቤት ማሞቂያ የለውም። ጋቢው አብሮን አደረ። ወፍራም ካልሲም አምጡ። በግብፅ አብያተ ክርስቲያናት ምዕመኑ ጫማውን አድርጎ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እማዬ ግን በደጃፉ ጫማዋን አወለቀች፤ "የሰው አገር ቢሆንም ቤቱ የእግዚአብሔር ነው" አለች። የዕብነ በረዱ ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል። ቻርጀርን በተመለከተ ከኢትዮጵያ የመጣው ያለ ችግር ይሠራል። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ግን መሰኪያ መቀየሪያ ያስፈልገዋል። ኤሌክትሪኩም 220 ስለሆነ ለ110 ብቻ የተሠራ የፀጉር ካውያ ይቃጠላል። የእኔ ተቃጥሏል።

የሄድነው በጾመ ነቢያት ስለነበር ምግቡ አሳስቦኝ ነበር። ድርቆሽ፣ ሽሮና በሶ ይዛ መጣች። ግን ያን ያህል አያስፈልግም ነበር። ግብፃውያን ክርስቲያኖችም በዚያው ጊዜ ይጾማሉ፤ የጾም ምግብን "ሲያሚ" ይሉታል። ይህችን አንዲት ቃል ያወቀ ሰው አይራብም። ዳቦ ቤቱም፣ ኬክ ቤቱም ሲያሚ የሆነውን ለይቶ ይሰጣል። ፉሉ፣ ከባቄላ የሚጠበሰው ታአሚያ፣ ሩዝና ምስር ከፓስታና ከተጠበሰ ሽንኩርት ጋር የሚደባለቅበት ኩሻሪ፣ ሁሉም ያለ ቅቤ ነው። አንድ ልዩነት አለ። እነሱ በዚህ ጾም ዓሣ ይበላሉ። ሲያሚ ብለን ጠይቀን ዓሣ ሲመጣ እማዬ ደነገጠች። "ሚን ጌር ሰመክ" በሉ፣ ያለ ዓሣ ማለት ነው።

ለመሄድ የተነሳንበት የድሮው ካይሮ በሜትሮ ይደረሳል። ፌርማታው ማር ጊርጊስ ይባላል፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ማለት ነው። ከዚያ ወጥታችሁ መንገዱን ስትሻገሩ በሮማውያን ምሽግ ላይ የተሠራችው ተንጠልጣይዋ ቤተ ክርስቲያን አለች። ወደ እሷ 29 ደረጃ ይወጣል። ቅድስት ቤተሰብ ያረፈችበት ዋሻ ያለበት አቡ ሰርጋ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ነው፣ ወደ ታች ይወረዳል። የጉልበት ሕመምተኛ ይዛችሁ ሁለቱን በአንድ ጠዋት አትሞክሩ። እኛ በሁለት ቀን ከፋፈልነው። አብያተ ክርስቲያናቱን ፖሊስ ይጠብቃቸዋል። ቦርሳ ይፈተሻል፣ ለገና ዋዜማ ቅዳሴ ስንገባ ፓስፖርትም አሳይተናል። ፓስፖርቱን ሆቴል ትታችሁ እንዳትሄዱ።

ወደ ገዳማት ለመሄድ ካሰባችሁ ቀኑን ቀድማችሁ አጣሩ። ከካይሮ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ዋዲ ናትሩን፣ እኛ ገዳመ አስቄጥስ የምንለው፣ ውስጥ ካሉት ገዳማት አንዳንዶቹ በጾም ወራት እንግዳ አይቀበሉም። ይህን ያወቅነው በአጋጣሚ ነው። ጉብኝታችንን ከገና በኋላ አዞርነው። የግብፅ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊ በተቀበሩበት በአባ ብሾይ ገዳም እማዬ ረጅም ጊዜ ተንበርክካ ጸለየች፣ እኔም አላስነሳኋትም።

ያልተሳካልን አንድ ነገር ነው፤ ለእማዬ ደግሞ ዋናው እሱ ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን የምታከብራት ቁስቋም፣ እመቤታችን በስደቷ ያረፈችባት ቦታ። ቦታው አሲዩጥ አካባቢ ያለው ዴር ኤል ሙሐረቅ ገዳም ነው፣ ከካይሮ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ። ካይሮ ደርሼ መኪና ብቻ የምይዝ መስሎኝ ነበር። በዚያ መንገድ የውጭ ሰው ሲጓዝ ፖሊስ ሊያጅበው ይችላል። ገዳሙ ውስጥ ለማደርም ቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል። በሦስት ቀን ውስጥ የሚሆን አልነበረም። ለእማዬ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ "የእሷ ፈቃድ ሲሆን" ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

አሁን ለኅዳር እየተዘጋጀሁ ነው። ለገዳሙ ደብዳቤ በአረብኛ አስጽፌያለሁ። እስከ አሲዩጥ በባቡር፣ ከዚያ በገዳሙ በኩል በሚታወቅ ሹፌር ለመሄድ አስቤያለሁ። የእማዬ ፓስፖርት ገና ብዙ ዓመት አለው። ቢጫ ካርዷ፣ የታተመው ገጽና የሦስት ቋንቋው ወረቀት በአንድ ክላሰር ውስጥ ናቸው። ክላሰሩ የት እንዳለ በየሳምንቱ ስልክ ስንደዋወል እሷው ትነግረኛለች፣ ከመኝታዋ ራስጌ፣ ከዳዊቷ ሥር።